ሳሉን ያጠፋ ገበያውን ያዘ

ኤሌክትሮኒክ ሲጋራ ለምን ያስላል? ማስታገሻውስ ምንድን ነው?

«ሳል ይዞ ስርቆት፣ ቂም ይዞ ጸሎት» ይላሉ አበው። ሳል ባለቤቱን የሚያጋልጥ፣ ታፍኖ የማይቀር ነገር መሆኑን ሲናገሩ ነው። በዓለም ገበያ «ቬፕ» እየተባለ የሚሸጠውን ኤሌክትሮኒክ ሲጋራም ከተፈለሰፈበት ጊዜ ጀምሮ አላስቀምጥ ያለው ይኸው ሳል ነው። ሲጋራ እተዋለሁ ብሎ ወደ ቬፕ የዞረ አጫሽ ገና አንዴ ሳብ እንዳደረገ ትን ይለዋል፤ ዓይኑ እንባ ያቀራል። ሁለት ሦስት ቀን ይታገልና ወይ ይለምደዋል፣ ወይ ዕቃውን ጥሎ ወደ ሲጋራው ይመለሳል። ለአጫሹ ጉዳዩ የጉሮሮ ነው። ለፋብሪካው ግን የገንዘብ ነው፤ የሳለ ደንበኛ ተመልሶ አይገዛምና።

ስለዚህም የዚህ ኢንዱስትሪ የሃያ ዓመት ታሪክ ቢጨመቅ፣ አብዛኛው ሳልን የማለዘብ ታሪክ ሆኖ ይገኛል። ሳሉን ያለዘበ ኩባንያ ገበያውን ጠቀለለ፤ በቢሊዮን የሚቆጠር ዶላርም በዚሁ በር ገብቶ በዚሁ በር ወጣ። ዱባይና ጓንዡ የሚመላለሱ ነጋዴዎቻችን ዕቃውን በየሱቁ መስታወት ውስጥ ተደርድሮ ያዩታል። «ያዋጣ ይሆን?» ብሎ መጠየቅ የነጋዴ ወግ ነውና፣ ዓምዳችን ዛሬ ሳሉንም ሒሳቡንም አብሮ ይመለከታል። (የአገራችን አዋጅ ካልሆነ በቀር ዓመቶቹ በሙሉ እ.ኤ.አ. ናቸው።)

የዕቃው ምሥጢር

ዕቃው ውስጡ ሲታይ ቀላል ነው። ባትሪ አለው፤ ባትሪው የሚያግለው ጠምዛዛ ቀጭን ሽቦ አለው፤ ሽቦው ያቀፈው ጥጥ ደግሞ ፈሳሽ መጥጦ ይቀመጣል። ሽቦው ሲግል ፈሳሹ ወደ ጉም ይለወጣል፤ አጫሹ የሚስበው ይህንን ጉም ነው። እሳት የለም፣ አመድ የለም፣ ከሚነድ ትምባሆ የሚወጣው ቅጥራንና ካርቦን ሞኖክሳይድም የለም። ፈሳሹ የአራት ነገሮች ቅልቅል ነው፤ ፕሮፒሊን ግላይኮል የሚባል ቀጭን ፈሳሽ፣ ለቆዳ ማለስለሻ ከፋርማሲ የምንገዛው ወፍራሙ ግሊሰሪን፣ የፍራፍሬ ወይም የሌላ ነገር ማጣፈጫ፣ በመጨረሻም ኒኮቲን።

ዛሬ ለምናውቀው ዕቃ መነሻ የሆነውን የሠራው ቻይናዊው ፋርማሲስት ሆን ሊክ ነው። ራሱ ብርቱ አጫሽ የነበረ ሲሆን፣ አባቱ በሳንባ ካንሰር የሞቱ ሰው ነው። ፈጠራውን በ2003 አስመዘገበ፤ በማግሥቱ ዓመት «ሩያን» በሚል ስም ቻይና ውስጥ ገበያ ላይ ዋለ። ቃሉ «ጭስ መሰል» እንደማለት ነው። በ2013 የእንግሊዙ ኢምፔሪያል ቶባኮ የፈጠራ መብቱን በ75 ሚሊዮን ዶላር ገዛ። በኋላ ከመጣው ገንዘብ ጋር ሲነጻጸር ይህ የጉርሻ ያህል እንኳን አይሆንም።

ሳሉ ከየት ይመጣል?

የመጀመሪያው ተጠያቂ ኒኮቲኑ ነው። ንጹሕ ኒኮቲን በባሕሪው እንደ አመድ ውሃ ወደ አልካላይነት ያደላል። በጉም ተጭኖ ጉሮሮ ሲነካ እዚያ ያሉት ነርቮች ወዲያው «ባዕድ ነገር መጣ» ብለው ይጮሃሉ፤ ሳል ማለት ይህ ጩኸት ነው። መጠኑ በሚሊሊትር 3 ወይም 6 ሚሊግራም ሲሆን ብዙ ሰው ይችለዋል። ወደ 18 ሲጠጋ ጉሮሮን እንደ ሚጥሚጣ ይለበልባል። «ጠንካራ ሲጋራ አጨስ ስለነበር ጠንካራውን ስጡኝ» ብሎ የጀመረ ሰው የሚስለው አብዛኛውን ጊዜ በዚህ ነው።

ከትምባሆ ታሪክ አንድ ነገር እዚህ ላይ ቢነሣ ጉዳዩን ያፍታታዋል። ሲጋር የሚያጨስ ሰው ጭሱን በአፉ አቆይቶ ይለቀዋል እንጂ ወደ ሳንባው አያወርደውም። የሲጋር ጭስ አልካላይ ስለሆነ ጉሮሮ አላሳልፍ ይላል። ተራው ሲጋራ ግን በሙቅ አየር ከደረቀ ትምባሆ ስለሚሠራ ጭሱ ወደ አሲድነት ያዘነበለ ነው፤ ሳይቆረቁር ሳንባ ይደርሳል። ሲጋራ በሃያኛው ምዕተ ዓመት ፒፓንና ሲጋርን አሸንፎ ዓለምን የወረሰበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው። ሳል ያላስነሣው ያን ጊዜም ገበያውን ወስዷል።

ሁለተኛው ተጠያቂ ፕሮፒሊን ግላይኮል ነው። ይህ ፈሳሽ ውሃ ይስባል፤ አፍና ጉሮሮን ያደርቃል። ጥቅሙ ማጣፈጫውን አጉልቶ መያዙና ጉሮሮን መታ ማድረጉ ነው፤ የቀድሞ አጫሽም ያንን ምት ይወደዋል። ከበዛ ግን ያስላል፤ ጭራሽ የማይስማማቸው ሰዎችም አሉ። ግሊሰሪን በአንጻሩ ለስላሳ ነው፤ ጉሙንም ያወፍራል።

ሦስተኛው አሳሳቡ ነው። የሲጋራ አጫሽ ፈጠን ባለ አጭር ትንፋሽ ጭሱን አፉ ውስጥ ያጠራቅምና ከዚያ ወደ ሳንባው ያወርዳል። አንዳንዱ ቬፕ የተሠራው ለዚሁ ልማድ ነው። ሌላው ግን አፉ ሰፊ፣ ኃይሉ ብዙ ዋት ሆኖ ጉሙን በቀጥታ ወደ ሳንባ እንዲያወርድ የተሰናዳ ነው። ለአንዱ የተሠራውን በሌላው አሳሳብ የሚስብ ሰው ቢስል ሊገርም አይገባም።

አራተኛው ደግሞ ከሁሉ የከፋው ነው፤ የተቃጠለ ጥጥ። ፈሳሹ ሲያልቅ፣ ወይም አጫሹ ሳያሳርፍ ደጋግሞ ሲስብ፣ ጥጡ ይደርቅና ሽቦው ደረቁን ጥጥ ይጠብሰዋል። ያን ጊዜ የሚወጣው ጉም አይደለም፤ መራራ ጭስ ነው። ግሊሰሪን ከመጠን በላይ ሲግል አክሮሊን የሚባል፣ ዘይት መጥበሻ ላይ ሲያር ዓይን የሚያቃጥለው ዓይነት ጋዝ ይወጣዋል፤ ፎርማልዴሃይድም አብሮ ይመጣል። ይህንን ሳል መላመድ የለም፤ መሳቡን ማቆም ብቻ ነው። ከማጣፈጫዎችም ውስጥ የቀረፋው ዓይነት ጉሮሮን ይቆረቁራል።

እንዲህም ሆኖ ከዕቃው የማይመጣ ሳል አለ። ሲጋራ ለዓመታት ያጨሰ ሰው የአየር ቧንቧው ውስጥ አክታን ወደ ላይ የሚጠርጉት ጥቃቅን ፀጉሮች ደንዝዘው ይቆያሉ። ሲጋራውን ሲያቆም እነዚህ ይነቃሉ፤ የተከማቸውን ማውጣት ይጀምራሉ። ሰውየውም ሲጋራ ሲያጨስ ያልነበረውን ሳል ያገኝና «ይሄ ቬፕ ገደለኝ» ይላል። ሳሉ ግን ሳንባው ቤቱን ሲያጸዳ ነው፤ ለሳምንታት፣ አንዳንዴም ለወራት ሊቆይ ይችላል።

ጨው ያመጣው ለውጥ

አሁን ወደ ገንዘቡ እንምጣ። በ2015 ፓክስ ላብስ የተባለ የሳን ፍራንሲስኮ ኩባንያ «ጁል» የሚባል፣ የኮምፒዩተር ፍላሽ የሚመስል ቀጭን ዕቃ አወጣ። ልዩ ያደረገው መልኩ ብቻ አልነበረም። ኒኮቲኑን ከቤንዞይክ አሲድ ጋር በማዋሐድ ወደ ጨውነት ለወጠው። አሲዱ የኒኮቲኑን አልካላይነት ሰበረው፤ ጉሮሮ የሚለበልበው ነገር ለዘበ። ቀድሞ በ18 ሚሊግራም ያስል የነበረው ጉም በ59 ሚሊግራም ሳያስል ያልፍ ጀመር። በአሜሪካ የተሸጠው ጁል በክብደት 5 በመቶ ኒኮቲን ነበረው፤ አንዷ ትንሽ ማስገቢያ የአንድ ፓኮ ሲጋራን ያህል ኒኮቲን እንደያዘች ተደርጋ ነበር የምትተዋወቀው።

ቀሪውን ገበያው ተናገረ። በ2018 መጨረሻ ጁል የአሜሪካን የቬፕ ችርቻሮ ከግማሽ እጅግ የሚበልጠውን ይዞ ነበር። በዚያው ዓመት ታኅሣሥ የማርልቦሮ ባለቤት የሆነው የአሜሪካው አልትሪያ የጁልን 35 በመቶ ድርሻ በ12.8 ቢሊዮን ዶላር ገዛ፤ ኩባንያው በጠቅላላ 38 ቢሊዮን ዶላር ተገመተ ማለት ነው። ከሦስት ዓመት ተኩል በኋላ ያው ድርሻ በአልትሪያ መዝገብ 450 ሚሊዮን ዶላር ብቻ ሆኖ ተመዘገበ። በ2023 መጋቢት አልትሪያ ድርሻውን አስረክቦ በምትኩ የአንዳንድ ቴክኖሎጂ የመጠቀሚያ ፈቃድ ወስዶ ወጣ።

በመካከሉ ምን ሆነ? ሳሉ ሲጠፋ አጥሩም አብሮ ጠፍቶ ነበር። ሲጋራ ሞክሮ በሳል ተባርሮ ይቀር የነበረው ወጣት አሁን የሚያባርረው አጣ። በ2019 በአሜሪካ በተደረገ ብሔራዊ ጥናት ከሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች 27.5 በመቶ የሚሆኑት ባለፉት 30 ቀናት ውስጥ ቬፕ ማጨሳቸውን ተናገሩ። ክሱ ተከታተለ፤ በ2022 መስከረም ጁል ከሠላሳ ለሚበልጡ ግዛቶች ወደ 438.5 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማማ። በዚያው ዓመት ሰኔ የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር ዕቃውን ከገበያ እንዲወጣ አዞ፣ ትዕዛዙ ወዲያው ታገደ። ፈቃዱ የተገኘው በ2025 ሐምሌ ነው፤ ያውም ለትምባሆና ለሜንቶል ጣዕም ብቻ።

የኛ አስተያየት ይህ ነው። ጨው የሳል ማስታገሻ እንጂ የጤና ማሻሻያ አይደለም። ጉሮሮው ዝም ያለው የሚገባው ኒኮቲን ስላነሰ ሳይሆን፣ ሦስት እጥፍ ሲገባ ማስታወቂያ ስላልደረሰው ነው። በሚጣሉት ርካሽ ቬፖች ውስጥ የሚጨመሩት ሜንቶልና ደብሊው ኤስ-23 የሚባለው ማቀዝቀዣም ሥራቸው ያው ነው፤ ብርድ ብርድ እያሰኙ መቆርቆሩን ይሸፍኑታል። ሜንቶል በሲጋራ ውስጥም ከ1920ዎቹ ጀምሮ ይህንኑ ሲሠራ ኖሯል።

ማስታገሻው

ውጭ አገር ያሉ ዘመዶቻችን፣ ሲጋራ ለመተው ብለው ቬፕ የያዙት፣ ሳሉ ቢያስቸግራቸው መጀመሪያ የሚያዩት ጠርሙሱ ላይ የተጻፈውን ቁጥር ይሁን። 18 ከሆነ ወደ 12፣ 12 ከሆነ ወደ 6 ዝቅ ማድረግ ብቻውን ብዙውን ሳል ያስታግሣል። ቀጥሎ የቅልቅሉን ድርሻ ይመልከቱ፤ እኩል በእኩል የሆነው ካልተስማማ 70 በመቶ ግሊሰሪን ያለው ይለዝባል። ግን ወፍራም ስለሆነ በትናንሾቹ ዕቃዎች ጥጥ ውስጥ በቶሎ አይሰርግም፤ ጥጡ ይደርቅና የተቃጠለውን ሳል ያመጣል። አንዱን ሲሸሹ ሌላው ላይ መውደቅ ይኸው ነው።

አሳሳቡም ይለወጥ። ቬፕ እንደ ሲጋራ ሰበብ ሰበብ አይደረግም፤ ረጋ ብሎ ለሦስትና ለአራት ሰኮንድ መሳብ፣ ከዚያም ጥጡ እስኪጠጣ ማሳረፍ ያሻል። ዋቱ የሚስተካከል ከሆነ ከዝቅተኛው መጀመር ነው። አዲስ ሽቦና ጥጥ ሲገባ በፈሳሽ አርሶ ከአምስት እስከ አሥር ደቂቃ ማቆየት የማይታለፍ ሥራ ነው፤ ጣዕሙ መምረር ሲጀምር ደግሞ ቆጥቦ ማቆየት ሳይሆን መለወጥ። የጨው ኒኮቲን በሚሊሊትር 20 ሚሊግራም ይዞ ብዙ ዋት ባለው ትልቅ ዕቃ መሳብ ግን ፈጽሞ አይደረግም፤ ሳሉ ባይመጣም ማዞርና ማስመለስ ይመጣል።

ውሃ ደጋግሞ መጠጣት ለደረቀው ጉሮሮ ይጠቅማል። ማርና ዝንጅብሉም ለጊዜው ያለሰልሳል፤ ምክንያቱን ግን አይነካም። ከሁሉ የሚቀለው ማስታገሻ መተው መሆኑን ሳንናገር ብናልፍ ደግሞ ትዝብት ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ከ2009 ጀምሮ መሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝሩ ውስጥ ያስገባቸው የኒኮቲን ማስቲካና በቆዳ ላይ የሚለጠፈው ኒኮቲን አያስሉም፤ ሳንባም አይነኩም። ሲጋራ ጨርሶ አጭሶ የማያውቅ ሰው ደግሞ ቬፕ የሚጀምርበት አንድም ምክንያት የለውም።

በቬፕ የማይሳበብ ሳል

በ2019 ክረምት ማለቂያ ላይ በአሜሪካ ሆስፒታሎች ወጣቶች ትንፋሽ እያጠራቸው መጡ። እስከ 2020 የካቲት ድረስ 2,807 ሰዎች ሆስፒታል ገብተዋል ወይም ሞተዋል፤ ከእነዚህ ውስጥ የሞቱት 68 ናቸው። ምርመራው በዋነኛነት ያመለከተው በጥቁር ገበያ የሚሸጥ የካናቢስ ፈሳሽን ለማወፈር የተጨመረ ቫይታሚን ኢ አሲቴት የተባለ ቅባት ነበር። ቫይታሚኑ ቢዋጥ ጉዳት የለውም፤ ሳንባ ውስጥ ሲገባ ግን ሌላ ነው። ነጋዴ ሊያስተውለው የሚገባው ያ ዕቃ መለያውና ካርቶኑ ከእውነተኛው ሳይለይ ይሸጥ እንደነበር ነው።

ስለዚህ ሳሉ ትኩሳት፣ የትንፋሽ ማጠር፣ የደረት ውጋት ወይም ደም የቀላቀለ አክታ ካለበት ጉዳዩ የቅልቅልና የዋት አይደለም፤ በዚያው ቀን ሐኪም ዘንድ መሄድ ነው። በአገራችን ደግሞ ሌላም ነገር አለ። ሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ የቆየ ሳል ለሳንባ ነቀርሳ መመርመር እንዳለበት የጤና ተቋሞቻችን ሲያስተምሩ ኖረዋል። ከውጭ የመጣ ሰው «የቬፕ ነው» እያለ፣ እዚህ ያለው «የአቧራ ነው» እያለ ወራት ቢያሳልፍ፣ ራሱንም አብረውት የሚተነፍሱትን ቤተሰቦቹንም ይጎዳል።

ሒሳቡ

ሸቀጡ ዛሬ አብዛኛው የሚወጣው ከአንድ ከተማ፣ ከሼንዠን ነው። የመንግሥት አንድ ወረቀት ዋጋውን ምን እንደሚያደርገው ለማየት የቻይናውን አር.ኤል.ኤክስ ቴክኖሎጂ ማየት ይበቃል። በ2021 ጥር ኒውዮርክ ላይ አክሲዮኑን በ12 ዶላር ሸጠ፤ በመጀመሪያው ቀን ከእጥፍ በላይ ወጣ። ሁለት ወር ገደማ ቆይቶ የቻይና መንግሥት ቬፕን እንደ ሲጋራ ለመቆጣጠር ረቂቅ ደንብ ሲያወጣ በአንድ ቀን ግማሽ የሚጠጋ ዋጋውን አጣ። በ2022 ጥቅምት ቻይና ከትምባሆ በቀር ሌላ ጣዕም በአገር ውስጥ እንዳይሸጥ ከለከለች፤ በተከታዩ ወር በአምራችና በአስመጪ ላይ 36 በመቶ ታክስ ጣለች። ለገዛ ልጆቿ የከለከለችው የማንጎና የሐብሐብ ጣዕም ለውጭ ገበያ መመረቱ ግን አልቆመም።

ሌሎቹም በየፊናቸው ሄደዋል። የአውሮፓ ኅብረት ከ2016 ጀምሮ ኒኮቲኑን በሚሊሊትር በ20 ሚሊግራም ወሰነው። እስራኤል በ2018 ጁልን ያገደችው ከዚህ መጠን አልፏል ብላ ነው። ሲንጋፖር በ2018፣ ህንድ በ2019 ጠቅላላውን ዘጉት። የተባበሩት ዓረብ ኤምሬቶች በአንጻሩ በ2019 ደረጃ አውጥታ ሽያጩን ፈቀደች፤ ዱባይ ላይ በግልጽ የሚታየው ለዚህ ነው። እንግሊዝ ከሰኔ 1 ቀን 2025 ወዲህ ተጠቅመው የሚጥሉትን ዓይነት ከሱቅ አስወጣች፤ መጋዘን ሙሉ ይዞ የተገኘ ቸርቻሪ ከዚያ ቀን በኋላ ሊሸጠው አይችልም።

ወደ አገራችን ስንመለስ፣ በሕግ በኩል ነገሩ የተዘጋ ነው። የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112/2011 ኤሌክትሮኒክ ሲጋራን ማስመጣትንም መሸጥንም ይከለክላል። ሺሻም፣ ጣዕም የተጨመረበት ትምባሆም በዚሁ አዋጅ ታግደዋል። ተራው ሲጋራ እንኳን ከ21 ዓመት በታች ላለ ሰው አይሸጥም፤ ከፓኮው ፊትም ሰባ በመቶውን ማስጠንቀቂያ ይሸፍነዋል። ሕጋዊው የትምባሆ ገበያ ምን ያህል እንደሚያወጣ ለሚጠይቅ፣ ጃፓን ቶባኮ በ2016 የብሔራዊ ትምባሆ ድርጅትን 40 በመቶ በ510 ሚሊዮን ዶላር፣ በ2017 ደግሞ ተጨማሪ 30.95 በመቶ በ434 ሚሊዮን ዶላር ገዝቷል። ለቬፕ ግን የሚገዛ ፈቃድ የለም፤ የሚከፈል ቀረጥ ስለሌለ የሚሰጥ ደረሰኝም የለም። ከዱባይ በሻንጣ የገባ ካርቶን ቢያዝ ባለቤቱ የሚከራከርበት ወረቀት በእጁ አይኖርም፤ የአንዱ ዕቃ ትርፍ ምንም ያህል ቢሆን የሚሰላው ከዚህ ተነሥቶ ነው።